ከፊልም ማስጫኛ ሱቁ የጠፋው ፎልደር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ጀሞ የሚኖር ሰው ፊልም የሚያየው በአብዛኛው ቤቱ ነው። ስመ ጥር የሆኑት የድሮ ሲኒማ ቤቶች መሀል ከተማ ናቸው። የማታውን ፊልም አይቶ ለመመለስ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ካለፈም በኋላ ታክሲ መቀያየር አለ። ባቡሩ ቃሊቲና አያት ላይ ያበቃል። ስለዚህ ከተማው ዳር ያለነው ሰዎች ፊልም የምናገኘው ሞባይል ጥገናን፣ ፎቶ ኮፒንና ፊልም ጭነትን አንድ ላይ ከሚሠራው የሰፈር ሱቅ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ያለው የእኛ ሰፈር ሱቅ አንድ ኮምፒውተር አለው። ጎኑ ላይ ሃርድ ዲስኮች ተደራርበዋል፤ ብዙ ፍላሽ በአንዴ የሚሰካበት ማከፋፈያም አለ። ስክሪኑ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፦ አክሽን፣ ህንድ፣ ኮሪያ፣ ቱርክ፣ ሆረር፣ የልጆች፣ ትርጉም፣ አማርኛ። ፍላሻችሁን ትሰጣላችሁ፣ ምን አዲስ እንደገባ ትጠይቃላችሁ፣ ልጁ ይጭንላችኋል። ዋጋው ለማንም አይከብድም፤ ቲቪው ላይ ሰክቶ ማየት ነው።

እዚያ ኮምፒውተር ላይ ከ30 ዓመት በፊት የተሠራ ፊልም ማግኘት ጭንቅ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ከናካቴው የለም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ስጠይቀው ልጁ ሳቀና፣ “ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው ይመልሱብኛል” አለኝ።

እኔ ግን እነዚህ ፊልሞች እኛ ጋ የማይታዩት ሰው ስለማይወዳቸው ነው ብዬ አላምንም። መርጦ፣ ለምን እንደሚታዩ ነግሮ፣ በምንረዳው መንገድ እጃችን የሚያስገባ ሰው ስለሌለ ነው። በሌላው ዓለም የተረሱ ፊልሞች ነፍስ የዘሩት በዚህ ዓይነት ሰዎች ድካም ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ የአውሮፓ ናቸው።)

ነገሩ ግራ ያጋባል። ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ዲስክ መሸጥ ሰለቻቸው። ክፍተቱን ትንንሾቹ ሞሉት። ክራይቴሪየን የሚባለው አሜሪካዊ ድርጅት ከ1984 ጀምሮ፣ ያኔ በሌዘር ዲስክ፣ ይሄን ሥራ ይሠራል። ዛሬ ኪኖ ሎርበር፣ አሮው፣ ዩሬካ፣ ቪኔጋር ሲንድረም የሚባሉ አሉ። የረሳነውን ፊልም ያነፈንፋሉ፤ ከየአገሩ የተሻለውን ቅጂ ያሰባስባሉ፤ ጭረቱን ያጸዳሉ። ከዚያ ስለ ፊልሙ የሚያስረዳ ጽሑፍና ቃለ ምልልስ ጨምረው ለቤት ተመልካች ያወጡታል። ይሄ የመጨረሻው ሥራ ቀላል አይምሰላችሁ። ስለ አንድ የ100 ዓመት ፊልም ምንም ሳያውቅ የሚቀመጥ ሰው አሥር ደቂቃ አይታገስም። ታሪኩን አውቆ የሚቀመጥ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያየዋል።

የጠፋው ብዛት ያሳዝናል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ጥናት አውጥቶ ነበር። አገሪቱ ከሠራቻቸው ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች ውስጥ በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ፊልም ይታተምበት የነበረው ናይትሬት እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ባይቀጣጠልም በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ከእሳቱ ያልተናነሰ ጉዳት ያደረሰው ግን ሰው ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም መናገር ሲጀምር የድሮው ገበያ አጣ። መጋዘን ማጣበቡ ካልቀረ ተብሎ ተጣለ፤ በላዩ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት የተቃጠለም አለ።

የተረፉት ደግሞ አተራረፋቸው ያስገርማል። በ1927 በርሊን ላይ የታየው የጀርመናዊው ዳይሬክተር የፍሪትዝ ላንግ ድምፅ አልባ ፊልም “ሜትሮፖሊስ” ወዲያው ረዘመ ተብሎ ተቆራረጠ። የተቆረጠው ክፍል ለ80 ዓመት እንደጠፋ ቀረ። በ2008 ግን ቦነስ አይረስ ከተማ አንድ የሲኒማ ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ለማለት የሚቻል ቅጂ ተገኘ። በዚያ ምክንያት በ2010 ወደ 25 ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት ወደ ቦታው ተመለሰ። ዲስኩን የሚያይ ሰው አዲሱን ክፍል ወዲያው ይለየዋል። ንጹሑ ምስል በድንገት በቋሚ ጭረት ይሞላል፤ ጠርዙም ጠበብ ይላል። አዳሾቹ ይሄን አልደበቁትም።

ለእኛ ይበልጥ ሊቀርበን የሚገባ ሌላ ታሪክ አለ። ኦስካር ሚሾ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ1920 “ዊዝን አወር ጌትስ” የሚል ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። በነጮች መንጋ በግፍ የተገደሉ ጥቁሮችን ታሪክ ፊት ለፊት ያወጣ ፊልም ነው። ጠፍቶ ኖሮ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ቅጂ ስፔን ተገኘ፤ ጽሑፎቹ ሁሉ ወደ ስፓኒሽ ተተርጉመው ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1993 አደሰው። ዛሬ በጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር ከተሠሩት ውስጥ በሕይወት ያለ ቀዳሚው ረጅም ፊልም እሱ ነው። በ2016 ኪኖ ሎርበር ከሌሎች የጥቁር አሜሪካውያን ቀደምት ፊልሞች ጋር በአንድ ሳጥን አወጣው። ስለ ጥቁር ታሪክ ብዙ በሚወራበት አገራችን ይሄ ፊልም ስሙ እንኳ አይነሳም። ያናድደኛል።

ታዲያ ዲስኮቹ ለምን እኛ ጋ አይደርሱም? ምክንያቱ ቅርብ ነው። አንዱ ዲስክ ብዙ ጊዜ ከ20 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ይሄ ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ይጠይቃል። ዕቃው ቢደርስ እንኳ ዲቪዲ በክልል የተከፋፈለ ነው፤ እኛ ክልል 5 ነን፣ አሜሪካ ክልል 1 ነው። የዚያኛው ዲስክ እዚህ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ማጫወቻውንስ ዛሬ ማን አለው?

መልካሙ ዜና፣ ከድምፅ አልባው ዘመን የተረፈው አብዛኛው ነገር ዲስክ አያስፈልገውም። በአሜሪካ ሕግ ከ1930 በፊት ለሕዝብ የቀረቡ ፊልሞች የባለቤትነት መብታቸው አብቅቷል። ጥንቃቄ የሚሻው አዲሱ ማጀቢያ ሙዚቃ ነው፤ እሱ የራሱ ባለመብት አለው። ፊልሞቹ ኢንተርኔት አርካይቭ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ይወርዳሉ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም የራሱን ስብስብ በድረ ገጹ ከፍቷል። ብሪቲሽ ፓቴ በ2014 ወደ 85 ሺህ የሚጠጉ የድሮ የዜና ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ ጭኗል፤ የእኛም ቤተ መንግሥት ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። የፊልም ማስጫኛው ልጅ በሕጋዊ መንገድ፣ ማንንም ሳይሰርቅ፣ አንድ ሙሉ ፎልደር ሊሞላ ይችላል።

ችግሩ ነፃው ነገር ሁሉ ደህና አለመሆኑ ነው። አንዱ ፊልም በአሥር ቅጂ ተጭኖ ታገኙታላችሁ። ግማሹ ከቅጂ ቅጂ የተገለበጠ ነውና የሰው ፊት ነጭ ጉም ይመስላል። ግማሹ ደግሞ በተሳሳተ ፍጥነት ይሄዳል። ድምፅ አልባ ፊልሞች በብዛት የተቀረጹት ዛሬ ከለመድነው በሰከንድ 24 ፍሬም (24 ምስል) ባነሰ ፍጥነት ነው፤ በ24 ሲጫወቱ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ብዙ ሰው የድሮ ፊልም የሚያስጠላው በዚህ ምክንያት ነው። የጠላው የተበላሸውን ቅጂ እንጂ ፊልሙን አላየውም። መራጭ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። ከአሥሩ ደህናውን የሚለይ አንድ ሰው በየሰፈሩ ቢኖር ይበቃል።

ቅዳሜ ማታ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ የድምፅ አልባው ዘመን ኮሜዲያን የበስተር ኪተንን “ዘ ጀነራል” አሳየኋቸው። በ1926 የተሠራ፣ በባቡር ማሳደድ ዙሪያ የሚሄድ ፊልም ነው። መጀመሪያ ላይ አጉረመረሙ። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው፦ ሰውየው ሁለት ነገር ይወዳል፣ አንዲት ልጅና አንድ ባቡር፤ ሁለቱንም ሊወስዱበት ነው። ከዚያ የመድፉ ቦታ መጣ። ኪተን ጠላትን ለመምታት መድፍ ያቀባብላል። መድፉ በንዝረቱ ቀስ እያለ ይወርድና ራሱን ኪተንን ያነጣጥራል። ኪተን እግሩ ተይዟል። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው ይጮሁ ጀመር። ሐዲዱ ድንገት ሲጣመም ጥይቱ እሱን ስቶ ሊመታው ወዳሰበው ቦታ ሲሄድ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አንዱ ልጅ፣ “ይሄ በኮምፒውተር ነው የተሠራው?” ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። የሚቃጠለው ድልድይ እውነተኛ ነው፤ ከነድልድዩ ወንዝ ውስጥ የሚገባውም እውነተኛ ባቡር ነው። ኦሪገን ግዛት ውስጥ አንዴ ብቻ ተቀረጸ፤ የሚደገም ነገር አልነበረም።

ለልጆቹ የነገርኳቸው ሌላም ነገር አለ፤ ይሄን መዝለል ነውር ነው። ዘ ጀነራል የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከው ከደቡቦቹ ወገን ሆኖ ነው። ጀግናው የሚዋጋው ለባርነት ከቆመው ጎራ ነው። ፊልሙ ስለ ባሪያዎቹ ትንፍሽ አይልም። ፊልሙ ሲወጣ ተመልካቹ ብዙም አልወደደውም፤ በኋላ የፊልም ሰዎች ከምርጦቹ ተርታ አስቀመጡት። ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል። ፎልደሩ የእኔ ቢሆን ኖሮ ከዘ ጀነራል ቀጥሎ የሚሾን ፊልም አስቀምጥ ነበር።

ከኪተን ፊልሞች አንዳንዶቹ ራሳቸው ከቤት ዕቃ መሀል የተረፉ ናቸው። ተዋናዩ ጄምስ ሜሰን ቀድሞ የኪተን የነበረውን ቤት ገዛ። በ1950ዎቹ አንድ ጎጆ ሲያስከፍት የፊልም ጥቅሎች ተቆልለው አገኘ። ጠራርጎ ቢጥላቸው ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር።

የቋንቋው ጉዳይ ከሚመስለው ቀላል ነው። ድምፅ አልባ ፊልም ውስጥ ያለው ጽሑፍ ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ በአንድ ማታ ይተረጉመዋል። አንድ ነገር ልምከራችሁ፤ አንዳንድ ቲቪ በፍላሽ የገባ የግርጌ ጽሑፍ ሲያነብ ፊደላችንን አያውቀውም፣ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ስለዚህ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አጣብቆ ማውጣት ይሻላል። ከዚያም የሚሻል መንገድ አለ። ትርጉም የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፊልሞች አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ሰው የሁሉንም ተዋናይ ንግግር በአማርኛ እያስኬደ፣ መሀል ላይ የራሱን ጨዋታ ጣል እያደረገ ይተርካል። ሕዝባችን ይሄን ይወዳል።

ጃፓኖች ድምፅ አልባ ፊልም ያዩት እንደዚያ ነበር። ቤንሺ የሚባሉ ተራኪዎች ስክሪኑ አጠገብ ቆመው ፊልሙን ይተርኩ፣ የተዋናዮቹንም ድምፅ ያወጡ ነበር። ሰው ከተዋናዩ ይልቅ የሚወደውን ቤንሺ ስም አይቶ ይገባ ነበር። ጃፓን ባለ ድምፅ ፊልምን ሙሉ ለሙሉ ለመቀበል እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ የዘገየችው አንድም በእነሱ ተወዳጅነት ነው። የታላቁ ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ወንድም ቤንሺ ነበር። የእኛዎቹ የትርጉም ፊልም ተራኪዎች ድምፃቸውን ለአንድ ድምፅ አልባ ፊልም ቢያውሱ ከማንም በላይ ያምርባቸዋል። የሚሸፍኑት የሌላ ሰው ድምፅ የለም። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ያለው ሲኒማ ቤት ሲከፈትም ፊልም ገና አልተናገረም ነበር። ድምፅ አልባ ፊልም ለአዲስ አበባ ባዕድ አይደለም።

ወደ ካራቴ ፊልም ልምጣ። በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው የሆንግ ኮንግ ፊልም የሚያስታውሰው በደበዘዘ ቀለምና በተቆረጠ ምስል ነው። ሻው ብራዘርስ የሚባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ የካራቴ ፊልሞች የተቀረጹት ለሰፊ ስክሪን ነው። ለድሮው አራት ማዕዘን ቲቪ ሲገለበጡ ከምስሉ ከ40 በመቶ በላይ ይቆረጣል። ስለዚህ አንዱ ሲማታ ተመቺው አይታይም፤ እግር ከባዶ ቦታ ይመጣል። ሴለስቲያል የሚባል ኩባንያ በ2000 ወደ 760 የሚሆኑትን ፊልሞች ገዝቶ፣ አጽድቶ፣ ከ2002 ጀምሮ በሙሉ ስፋታቸው አወጣቸው። በ1978 የተሠራውን “የሻኦሊን 36ኛው ክፍል” በታደሰው ቅጂ ያየ ሰው ካሴት ላይ ያየው ሌላ ፊልም ነው ቢል አልፈርድበትም። የህንድ ፊልም ወዳጆችም የሚሰሙት ዜና አለ። የ1975ቱ “ሾሌ” በህንድ ሳንሱር ምክንያት መጨረሻው ተቀይሮ ነበር የወጣው። ሽፍታውን ጋባርን ፖሊስ ደርሶ ሲይዘው ነው ሁላችንም የምናውቀው። በሰኔ 2025 ቦሎኛ ከተማ ላይ ታድሶ ሲቀርብ ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የቀረጸው መጨረሻ ተመልሶለታል።

የእኛስ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የሚደማው።

“ሂሩት አባቷ ማን ነው?” በ1957 ዓ.ም. የወጣ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም የሚሉት ነው። የሚሼል ፓፓታኪስ “ጉማ” በ1960ዎቹ ዓ.ም. ተከተለ። በ2014 የተጀመረው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚህ ፊልም ነው። ሽልማቱን ከሚያውቀው ሰው ስንቱ ፊልሙን እንዳየ ዙሪያችሁን ጠይቁ። የኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት” በ1976 ወጥቶ በዓለም መድረክ ተከበረ። የገበሬውን ኑሮ በጥቁርና ነጭ ያሳየ ነው። ሰፈራችን ሱቅ ውስጥ ግን አማርኛ የሚለው ፎልደር እነዚህን አያውቃቸውም።

ኃይሌ መራጭ ማጣት ምን እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቃል። በ1993 “ሳንኮፋ”ን ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ጠፋ። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሆኖ ከከተማ ከተማ አዳራሽ እየተከራየ ራሱ አሳየው። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ፊልሞችና መጻሕፍት የሚሸጡበት ሳንኮፋ የሚባል ቤት ከፈቱ። ፊልሙ በ2021 በ4ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ያ ሁሉ ዓመት ሳይረሳ የቆየው ኃይሌ ራሱ ቪዲዮውን በእጁ ስለሸጠ ነው።

ለሌሎቹ ሥራዎቻችን እንዲህ የሚቆም ሰው ብዙ የለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወጡት የቪዲዮ ፊልሞቻችን ለብዙ ቤት የደረሱት በቪሲዲ ነው። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ዛሬ ሙሉ ኤችዲ ከምንለው አንድ ሃያኛውን አይሞላም። ከዚያ በፊት የነበረው ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ነው። ካሴት ደግሞ ሟች ነው። ማግኔቱን የያዘው ሙጫ ከዓመታት በኋላ ይለቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይሻግታል። የመጨረሻው የታወቀ የቪዲዮ ዴክ አምራች ፉናይ በሐምሌ 2016 ማምረት አቁሟል። በ2019 ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና ምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ካሴቶችን ከ2025 በኋላ ማጫወት በጣም እንደሚከብድ አስጠንቅቀው ነበር። ያ ጊዜ ደረሰ።

ከመሀል ከተማ ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች ብዙ ዕቃ ጥለዋል። የጠበበ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጣለው ማጫወቻ የሌለው ካሴት ነው። ቡፌ ሥር የቀረው ካሴት ላይ ግን ከሠርጉ በተጨማሪ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ድራማ፣ የበዓል ዝግጅት፣ ዛሬ የትም የማይገኝ ፊልም ሊኖር ይችላል። ይሄ ምኞት ብቻ አይደለም። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የራሱን ፕሮግራሞች አጥፍቷል። ከጠፉት የ“ዶክተር ሁ” ተከታታይ ድራማ ክፍሎች ዘጠኙ መገኘታቸው በ2013 ሲነገር የተገኙት እንግሊዝ አልነበረም፤ ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ነው።

ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ዛሬ አውጡት። ጠርዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሯት፤ ያኔ ማንም በስህተት ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ነጭ ሻጋታ ካያችሁበት ዴክ ውስጥ አትክተቱት፤ ቴፑንም ዴኩንም ያበላሻል። ሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ፎቶ ቤቶች አሉ፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሦስት ሰዓቱ ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ከተገለበጠ በኋላ ደግሞ ካሴቱን አትጣሉት። ቦነስ አይረስ ላይ የነበረው የሜትሮፖሊስ ቅጂ በኋላ ዘመን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተገልብጦ ዋናው ናይትሬት ተወግዷል። ጭረቱ እስከ ዛሬ አልለቅ ያለው፣ ከምስሉ ጋር አብሮ ስለታተመና የሚመለሱበት ዋና ቅጂ ስለሌለ ነው።